ለቦርሳሽ ትመቻለች ብለው የሸጡልኝ

ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከክረምት ሹራቦቼ ጀርባ፣ በትንሽ የብረት ሳጥን የተቆለፈባት አንዲት ሽጉጥ አለች። ጥይቷን ሙሉ ጎርሳ እንኳ ግማሽ ኪሎ ስኳር አታክልም። በፈረንጆቹ 2020 ሰመር ነው የገዛኋት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት የተኮስኩባት አምስት ጥይት ብቻ ነው። አምስቱንም በአንድ ቀን። ወረቀቱን ያገኘው አንዱ ነው። እሱም ዒላማው ላይ ሳይሆን ጥግ ላይ፣ የአታሚው ስም የተጻፈበት ጋ።

መሳሪያዋ እንከን የላትም። እንደሷ ዓይነቷን ስንት ፖሊስ እንደ ሁለተኛ መሳሪያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ ዞሯል። ጥፋቱ ተኩስ ለማያውቅ ሰው መጨረሻ ላይ መምጣት ያለባት ሽጉጥ መጀመሪያ ላይ መምጣቷ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። አሁን ግን ወዳጅ ዘመድ "ሽጉጥ ልገዛ ነው፣ ምን ይሻለኛል?" ሲለኝ የምመልሰው ነገር አለኝ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ። ያኔ ነዳጅ ማደያ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራ ነበር። ያ ዓመት እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ኮቪድ፣ ሰልፍ፣ የተዘጋ ሱቅ፣ የተሰበረ መስታወት። ከኛ ትንሽ አለፍ ብሎ በሚገኝ ሱቅ ውስጥ አንድ የሀገራችን ልጅ መሳሪያ ተደቅኖበት ካሹን አስረከበ። ልጁ ተርፏል። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር ሆዴ ይገለባበጥ ጀመር።

ብቻዬን አልነበርኩም። በዚያ ዓመት በኤፍቢአይ በኩል ያለፈው ከመሳሪያ ግዢ ጋር የተያያዘ የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ 39.7 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። እስከዚያ ድረስ ያን ያህል ታይቶ አይታወቅም። የሽንት ቤት ወረቀትና የ9 ሚሊሜትር ጥይት በአንድ ሰሞን ከመደርደሪያ የጠፉበት ዓመት ነው።

ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ክፉ አስቦብኛል አልልም። መጀመሪያ እጄን አየ። ቀጥሎ ቦርሳዬን አየ። ከዚያ የመስታወቱን ሳጥን ከፍቶ እሷን አወጣት። አምስት ጥይት የምትይዝ፣ ጥይት መያዣዋ እንደ ጎማ የሚሽከረከር፣ በርሜሏ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ ሪቮልቨር። "ለቦርሳሽ ትመቻለች" አለኝ። "ሴቶች ይወዷታል። ካዝና የላት፣ መቆለፊያ የላት፣ ማቀባበል የላት። ቃታ መሳብ ብቻ ነው።"

ቀላል ነገር ስፈልግ ለነበርኩት ለእኔ ይህ ሙዚቃ ነበር። እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እውነትም ላባ ናት። ፎርም 4473 የሚባለውን ሞላሁ፣ መታወቂያዬን ሰጠሁ፣ ኮምፒውተሩ "ችግር የለባትም" አለ። ቡና ተፈልቶ በረካ እስኪደርስ ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ የሽጉጥ ባለቤት ሆንኩ። "ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። በወንዙ ማዶ ሜሪላንድ ብኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እዚያ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሽጉጥ ለመግዛት አሻራ መስጠትና ቢያንስ የ4 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ ግድ ነው። እንደኔ ሙያም ልምድም የሌለውን ሰው ያ 4 ሰዓት ከስንት ነገር ያድነው ነበር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔም ደንግጬ የታጠቅኩትን ደንግጬ ፈታሁት።

በሳምንቱ ሬንጅ ሄድኩ። ቤት ውስጥ ያለ፣ በኮንክሪት የተከበበ የዒላማ መተኮሻ ቦታ። ጆሮዬን በትልቁ መከላከያ ሸፈንኩ። ወረቀቱ 7 ሜትር ርቀት ላይ ተሰቀለ፤ ከሳሎን እስከ ኩሽና ያህል ማለት ነው። ቃታውን ሳብኩ፣ አልሄደም። ደግሜ ሳብኩ፣ ትንሽ ሄዶ ቆመ። ሁለት ጣት ላስገባ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ በድንገት ፈነዳ። እሳቱ፣ ድምፁ፣ ምቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መካከል ያለውን ሥጋ አንድ ሰው በብረት የገረፈኝ መሰለኝ።

ሁለተኛው ላይ ትንፋሼን ያዝኩ። ሦስተኛው ላይ ጥርሴን ነከስኩ። አራተኛው ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። አምስተኛው ወዴት እንደሄደ አላውቅም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጎኔ የነበረ ልጅ አየት አድርጎኝ ሳቁን ዋጠ። ቤቴ ገብቼ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፍኩባት። አበቃ። ሁለት ዓመት።

አሁን ነገሩን በሰከነ ልብ ሳየው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምሥጢር አይደለም፣ ፊዚክስ ነው። ጥይቱ ወደፊት ሲወጣ መሳሪያው ወደኋላ ይመጣል። መሳሪያው በቀለለ ቁጥር አመጣጡ ይከፋል። ያንኑ ጥይት ክብደቱ እጥፍ በሆነ ሽጉጥ ብትተኩሱት፣ ሽጉጡ ወደ እጃችሁ የሚመለስበት ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። የእኔዋ አካሏ አሉሚኒየም ነው፤ ባዶዋን 410 ግራም ገደማ ናት። ሱቅ ውስጥ ደስ ያሰኘኝ ላባነቷ ሬንጅ ላይ የገረፈኝ እሱ ራሱ ነው።

ቃታዋስ? እንዲህ ያሉ ሪቮልቨሮች ቃታቸውን ለመሳብ 5 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይጠይቃሉ። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነገር ይዛችሁ በአንድ ጣት 5 ኪሎ ትስባላችሁ። ጣታችሁ የሚያንቀሳቅሰው ቃታውን ነው ወይስ ሽጉጡን? ሽጉጡን ነው እንጂ።

ሌላም አለ። ከኋላ ያለው ማነጣጠሪያና ከፊት ያለው ማነጣጠሪያ የተራራቁ ሲሆኑ ስህተት ቶሎ ይታያል። ሲቀራረቡ ይደበቃል። በእኔዋ ላይ መካከላቸው 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ አንድ ሚሊሜትር ብትሳሳቱ፣ 7 ሜትር ላይ 7 ሴንቲሜትር ትስታላችሁ። እንደ ግሎክ 17 ያለ ሙሉ መጠን ያለው ሽጉጥ ላይ ርቀቱ 16.5 ሴንቲሜትር ነው። ያችው አንድ ሚሊሜትር እዚያ 4 ሴንቲሜትር ከምናምን ብቻ ነው የምታስከፍለው። ያውም እኔ የተሳሳትኩት አንድ ሚሊሜትር አልነበረም።

ከዚህም የባሰ አለ። በዚያው መጠን ከስካንዲየምና ከታይታኒየም የተሠሩ፣ ባዶአቸውን 330 ግራም ገደማ የሚመዝኑ፣ ደግሞ .357 ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩሱ አሉ። ምታቸው እጅን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች አረር ከቀፎው እየተሳበ ወደፊት ሊወጣና ሽክርክሪቱን ሊቆልፈው ይችላል። አንዱ ፋብሪካ ደግሞ የታይታኒየሙ ሽክርክሪት ቶሎ እንዳይበላ ከ120 ግሬን (8 ግራም ገደማ) ያነሰ አረር አትጠቀሙ ብሎ በርሜሉ ላይ ቀርጿል። ሽጉጥ በራሱ ምት ጥይቱን የሚነቅል ከሆነ፣ ለጀማሪ መስጠት ምን ይባላል?

የኔን ነገር የለወጡት ሻምበል ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሻምበል ይላቸዋል። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ሠራዊት ገብተው፣ በደርግ ጊዜ ሻምበል ደርሰው፣ ከዚያ ዲሲ ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። 70 አልፏቸዋል። እጃቸው ግን እንደ ቀጥ ያለ ምሰሶ ነው። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን ወሬ ወሬን አንስቶ ስለ ሽጉጤ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም።

"ቅዳሜ ይዘሻት ነይ" አሉኝ።

ቅዳሜ ሬንጅ ተገናኘን። ተቀበሉኝና መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አፈሙዙን ወደ ዒላማው አዙሮ ሽክርክሪቱን ከፍቶ ማየት ነው። ባዶ መሆኗን ነግሬያቸው ነበር። እንዳልነገርኳቸው ሆነው ነው ያዩት። ከዚያ በሌባ ጣታቸው ዳሰሷት።

"ይቺን ማን መረጠልሽ?"

"ሻጩ ነው ጋሼ። ለሴት ትመቻለች አለኝ።"

"ይቺ የአዋቂ ናት ልጄ። ትንሽ ስለሆነች የልጅ መስላቸው ነው።"

ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገሩኝ። "ስሙን እዪው እስቲ። ሽጉጥ። የሚሸጎጥ ማለት ነው። በዒላማ መቺነቱ ስም የወጣለት አይደለም፤ በሚሸጎጥበት ወገብ ነው ስም የወጣለት።" እውነታቸውን ነው። እኔም የገዛሁት ለሸጎጥኩበት ቦታ እንጂ ለያዝኩበት እጅ አልነበረም።

ሻምበል ሲያስረዱ ሀገር ቤት ማንም ሰው ተኩስን በሽጉጥ አይጀምርም። አያቴ ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ምንሽር ነበር። እረኛው፣ ገበሬው፣ ምልምሉ ወታደር፣ ሁሉም የሚጀምረው በረጅም መሳሪያ ነው። ሰደፉ ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ጉንጭ ይደገፈዋል፣ ሁለት እጅ ይሸከመዋል፣ ምልምል ከሆንክ ደግሞ መሬት ላይ ተኝተህ ነው። ሽጉጥ ግን አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በክንድ ጫፍ ላይ ነው የሚተኮሰው። "ሽጉጥ የመኮንን ነው። መኮንኑም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለማዕረግ ነው የሚታጠቀው" አሉና ፈገግ አሉ።

እሳቸው የታጠቁት ማካሮቭ ነበር። ሶቪየቶች በ1951 ለሠራዊታቸው የተቀበሉት፣ 730 ግራም የሚመዝን፣ ስምንት ጥይት የሚጎርስ። ሙሉ ብረት ስለሆነ ምቱን ይሸከማል። ግን እሱም ለጀማሪ የራሱ አመል አለው። ተቀባብሎ መቺው ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያው ጥይት ቃታ ረጅምና ከባድ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ አጭርና ቀላል ይሆናል። ጣት በከባዱ ለምዶ ሳለ ቀላሉ ይመጣበታል። ሻምበል "የመጀመሪያው አልሄድ ይልሻል፣ ሁለተኛው ሳታዝዢው ይሄዳል" ይሉታል። የላይኛው ብረት ወደኋላ የሚመለሰው በጥይቱ ግፊት ብቻ ስለሆነ ስፕሪንጉ ጠንካራ ነው፤ ማቀባበሉም ጉልበት ይጠይቃል። አሁን ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ትናንሽ .380 ሽጉጦችም በዚሁ ዘዴ የተሠሩ ናቸው። "ትንሽ ስለሆነ ይቀለኛል" ብለው የገዙ፣ በኋላ ማቀባበል ያቃታቸው ስንት ሰዎች አይቻለሁ። በተለይ እጃቸውን ቁርጥማት የጀመራቸው ትልልቅ ሰዎች።

የዚያን ቀን ሻምበል የኔዋን ወደ ሳጥኗ መለሷትና ከሬንጁ ሌላ ተከራዩ። .22 የምትተኩስ፣ በርሜሏ ረዘም ያለ፣ አንድ ኪሎ ገደማ የምትመዝን የዒላማ ሽጉጥ። እኔ ቅር አለኝ። .22 እኮ የልጆች ጥይት ናት፤ ከ1887 ጀምሮ ያለች፣ አረሯ 2.6 ግራም ብቻ የሆነች። እኔ ሌባ እፈራለሁ፣ እሳቸው ቆርቆሮ መምቻ ይሰጡኛል።

አንድ ጥይት ብቻ አጎረሱልኝ። ተኮስኩ። "ጧ" አለች። እጄ ላይ ምንም የለም። ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ አለ። ደገምኩ። ሌላ ቀዳዳ። ሳላውቀው እየሳቅኩ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሃምሳውን ጥይት ጨርሼ ሌላ ፓኮ ስጡኝ አልኩ።

ከዚያ ተንኮላቸው መጣ። ወደ 9 ሚሊሜትር አሳደጉኝ፤ ሙሉ መጠን ያለው ግሎክ 17። ኦስትሪያ በ1982 ለሠራዊቷ የመረጠችው፣ 17 ጥይት የሚይዝ። ባዶውን 630 ግራም ገደማ ነው። ካዝናውን እሳቸው ሞልተው ሰጡኝ። ሁለት ተኮስኩ፣ ደህና። ሦስተኛው ላይ ቃታ ስስብ "ቀጭ" አለ፣ ምንም አልፈነዳም። አፈሙዙ ግን ቁልቁል ተደፋ። በራሴ እጅ፣ ያልመጣውን ምት ፈርቼ ደፋሁት። ሻምበል እውነተኛውን ጥይት ከፕላስቲክ አስመሳይ ጋር ቀላቅለው ኖሯል።

"አየሽ? አሁን ማን መታሽ?" አሉኝ።

ማንም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠችው ሚጥሚጣ ነበረች የመታችኝ። ሰውነት የመጀመሪያውን ሕመም አይረሳም። ለጀማሪ ከባድ ሽጉጥ መስጠት የሚያስከትለው ዋና ጉዳት የእጅ ማበጥ አይደለም፤ ይሄ ነው። በአምስት ጥይት የተማርኩትን ድንጋጤ ለመርሳት ከአምስት መቶ በላይ ጥይት አስፈልጎኛል። ቁጥሩን ያወቅኩት የፓኮዎቹን ደረሰኝ ስለማስቀምጥ ነው፤ ባሌ ይስቅብኛል።

ቤት ውስጥ ደግሞ የሳንቲም ልምምድ ሰጡኝ። ጥይት ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ሁለቴ ይታያል። ከዚያ ከፊት ማነጣጠሪያው አጠገብ አንድ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ይቀመጣል። ሳንቲሙ ሳይወድቅ ቃታውን መሳብ ነው ሥራው። ከአዲስ አበባ ስመለስ ቦርሳዬ ውስጥ የቀረች አንዲት ሳንቲም ነበረች። ስንት ማታ ምንጣፉ ላይ ስፈልጋት አመሸሁ።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። እሱ ጎበዝ ነው፣ ጂም ይሠራል፣ "ትንሽ ሽጉጥ የሴት ነው" ይላል። በቪዲዮ ጌም ያየውን ዴዘርት ኢግል ካልተኮስኩ አለ። ሬንጁ ያከራያል። .50 የሚተኩሰው ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሻምበልም "ይቅመሳት" አሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ "ክብደት ምቱን ይቀንሳል አላልሽም?" ይለኛል። ይቀንሳል። ግን ጥይቱም አብሮ ሲያድግ ቁጠባው ይበላል። ከዚያ በላይ ደግሞ እጀታው ነው። ያንን ትልቅ ጥይት የያዘ ካዝና እጀታው ውስጥ ስለሚገባ፣ እጀታው እንደ ወተት ካርቶን ይወፍራል። ጣት ዞሮ ካልደረሰ ምን ዓይነት ጡንቻ ይይዘዋል? አሠራሩም እንደ ጠመንጃ በጋዝ ነው። ያዢው ከላላ ቀፎውን በደንብ አይተፋም። የአክስቴ ልጅ ሁለት ተኮሰ፣ ሦስተኛው ላይ ተቀረቀረ። አንዱ የጋለ ቀፎ ዘሎ ኮሌታው ውስጥ ገባ። እንደ እስክስታ ያለ ነገር ወረደ። የሚያስፈራው ግን እስክስታው አልነበረም። ሲወዛወዝ ሽጉጡን እንደያዘ መዞሩ ነው። ሻምበል ክንዱን አፈፍ አድርገው ወደ ዒላማው መለሱት። የዚያን ቀን ቡና ሳንጠጣ ተለያየን።

ከዚያም የሚበልጥ አለ። በ2003 የወጣው .500 ማግነም ሪቮልቨር ክብደቱ እንደ በርሜሉ ርዝመት ወደ ሁለት ኪሎ ይደርሳል። ይህ መሳሪያ በማያውቅ እጅ ላይ የሚያደርገው የታወቀ ነገር አለ። የመጀመሪያው ምት ሽጉጡን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። የደነገጠ እጅ ደግሞ ላለመልቀቅ ጭምድድ ያደርጋል፣ ጣትም ቃታው ላይ ነው። ሁለተኛው ጥይት አፈሙዙ ጣሪያውን ወይም የተኳሹን ግንባር እያየ ይወጣል። ሰው የሞተበት ነገር ነው። ለዚህ ነው አዋቂ የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ለእንግዳ ሲሰጥ አንድ ጥይት ብቻ የሚያጎርሰው። በ2014 አሪዞና ውስጥ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ኡዚ የሚባለውን ጥይት በተከታታይ የሚተፋ አጭር መሳሪያ ስትተኩስ ከእጇ አምልጧት አስተማሪዋ የሞተውን ታስታውሱ ይሆናል። ኡዚ ሽጉጥ አይደለም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። መጀመሪያ አንድ በአንድ ተኮሰች፣ ደህና ነበረች። በተከታታይ እንዲተኩስ ሲደረግላት ነው ያመለጣት።

ታዲያ ግሎኩ ነው የሚሻለው? ብዙ ሰው ይሻላል ይላል፣ እኔም በመጨረሻ የገዛሁት የዚያን ዓይነት ነው። ግን እሱንም ለጀማሪ ዝም ብዬ አልሰጥም። በአውራ ጣት የሚዘጋ መቆለፊያ የለውም። ለማጽዳት ሲፈታ ደግሞ መጀመሪያ ቃታውን መሳብ ያስፈልጋል። ካዝናውን አውጥቶ "ባዶ ነው" ያለ ሰው፣ በርሜሉ ውስጥ አንዲት መቅረቷን ረስቶ ቃታ ይስባል። ባረቀ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። መሳሪያ ባረቀ እንላለን፣ ራሱ እንደተናደደ ሁሉ። ሻምበል ይህን ቃል አይወዱትም። "አልባረቀም፤ ሰውዬው ነው የተኮሰው" ይላሉ።

አሮጌዎቹን 1911 ሽጉጦች የሚያመልኩ ወዳጆች አሉኝ። አሜሪካ ከ1911 እስከ 1985 ዋና የወታደር ሽጉጥ ያደረገችው ነው። አንድ ኪሎ ያልፋል፣ ምቱም ከሚወራበት የለዘበ ነው። ለመተኮስ አይከፋም። ለመያዝ ነው የሚከፋው። መቺው ወደኋላ ተስቦ፣ መቆለፊያው ተዘግቶ ነው የሚታጠቁት። ቃታው ቀላልና አጭር ነው። አውራ ጣቱ ገና መቆለፊያውን ያለመደ ሰው ወይ በችግር ሰዓት መክፈቱን ይረሳል፣ ወይ ሲመልስ መዝጋቱን ይረሳል።

አንድ የማልወደው ነገር ልናገር። ሮዝ ቀለም። ሱቆች ያቺኑ የኔን ዓይነት ሮዝ ቀብተው ሴቶች በሚያዩት መደርደሪያ ላይ ይሰቅላሉ። ባል ለሚስቱ፣ ወንድም ለእህቱ ይገዛል። እሱ ራሱ ሙሉ መጠን ያለውን ይይዛል፤ ለመተኮስ የቀለለውን ማለት ነው። ለመተኮስ የከበደውን፣ ምቱ የከፋውን፣ ማነጣጠሪያው የጠበበውን ለሷ ይሰጣታል። ከዚያ "ሴቶች ተኩስ አይሆንላቸውም" ይባላል።

ሽጉጥ ቤት ውስጥ ማስገባት ራሱ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ ልሸሸው አልፈልግም። በዚህ ሀገር በመሳሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ያጠፋ ነው። ይህን ሳውቅ ከሻጩ በነፃ የተሰጠኝን የኬብል ቁልፍ ትቼ ደህና ሳጥን ገዛሁ። እኛ ቤት ውስጥ የተከፋ ሰው መኖሩን ቶሎ አንናገርም። ሳጥኑ ግን ይቆለፍ። ሀገር ቤት በኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሳሪያ የሚይዝ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። እኔ ስገዛ እዚህ ቨርጂኒያ ያን የመሰለ በር አልነበረም። በሩን ራስህ ነህ የምትሠራው።

ባለፈው ወር አብራኝ የምትሠራ ልጅ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። የኔዋ ቁርጥ እህት። ሮዝ። "ደስ አትልም? ለቦርሳዬ ልክ ናት። አርብ ልገዛት ነው።"

"አርብ አትግዢ" አልኳት። "ቅዳሜ ከኔ ጋር ነይ።"

ቅዳሜ ሳጥኑን ከሹራቦቹ ጀርባ አወጣሁት። ሻምበልም መጡ፤ ወንበር ስበው ኋላችን ተቀመጡ። መጀመሪያ .22ቷን ሰጠኋት፣ አንድ ጥይት አጉርሼ። ከዚያ አምስት። ከዚያ አሥር። ወረቀቷ ላይ ጡጫ የሚያህል ቦታ ተቦዳደሰ። ፊቷ በርቷል። "አሁን የኔን ዓይነቷን" አለች።

ሽክርክሪቱን ከፈትኩ። አንዲት ጥይት አስገባሁ፣ አራቱን ባዶ ተውኩ። የጆሮ መሰኪያዋን ከመከላከያው ሥር በደንብ እንድታስገባ አደረግኩ። ከጎኗ ቆሜ እጄን ከክርኗ አጠገብ አቆየሁ። ቃታውን ለመሳብ ታገለች። ጣቷ ነጣ። ፈነዳ።

ወረቀቱ ላይ አዲስ ቀዳዳ የለም። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረገች ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። መዳፏን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ያቺን የመጀመሪያዋን ስጪኝ" አለች።